ወረርሽኝ ቤት ሲያውለን አስቤዛንና ቆሻሻን እንዴት እንያዝ? ለአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪዎች

የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች ቤታቸው እንዲቆዩ ተደረገ፣ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በአንዳንድ አገሮች እንደታየው ሰው ከቤቱ ፈጽሞ እንዳይወጣ ባይከለከልም፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ እስከ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ባሉት የከተማዋ ዳርቻዎች፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባ የነበረው ቤተሰብ ቀኑን ሙሉ ቤቱ መዋል ጀመረ። ሠራተኛው መሥሪያ ቤቱ አካባቢ ይበላው የነበረው ምሳ፣ በየካፌው ይጠጣ የነበረው ሻይና ቡና፣ ተማሪው ትምህርት ቤት ይጥለው የነበረው ትርፍራፊ ሁሉ ወደ አንድ ማእድ ቤት ተሰበሰበ። በዚህም የቤት ቆሻሻ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ተለወጠ፤ እርጥቡ በዛ፣ የሳሙናና የበረኪና ዕቃ ተከመረ፣ ቀድሞ በቤት ቆሻሻ ውስጥ የማይታወቀው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛም ተጨመረ።

በዳርቻ ለምንኖር ሰዎች ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ከመርካቶም ሆነ ከአትክልት ተራ ርቀናል፤ በዚያ ወቅት ታክሲና አውቶቡስ በግማሽ እንዲጭኑ ታዝዞ ታሪፉ እጥፍ ሲሆን፣ ሰው አንዴ በወጣበት ብዙ ገዝቶ መመለስን መረጠ። በብዛት የተገዛው አትክልት ደግሞ ሳይበላ ተበላሸ። ስለዚህ የቆሻሻው ነገር የሚወሰነው ገና አስቤዛው ሲገዛ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህም መመሪያ ከዚያው ይጀምራል።

አስቤዛ

ከምንም በፊት ለአንድ ሳምንት ያህል የሚጥሉትን ነገር ልብ ይበሉ። ማታ ማታ ከማእድ ቤቱ ባልዲ ውስጥ ያለውን አይቶ፣ ሻጋታ እንጀራ፣ የፈረጠ ቲማቲም፣ የተረፈ ወጥ እያሉ በወረቀት ላይ መጻፍ በቂ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ደጋግሞ የተጻፈው ነገር ከመጠን በላይ እየተገዛ ወይም እየተሠራ ያለው ነው፤ የሚቀጥለው ሳምንት አስቤዛ ከዚህ ወረቀት ይነሣ።

ከዚያ የሚቆየውንና የማይቆየውን ለዩ። ጤፍ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ዘይትና ጨው የወር ቢገዙ አይጎዱም፤ ለዚህም በአቅራቢያ ያለው የሸማቾች ሱቅ ይመረጣል። ቲማቲም፣ ጎመን፣ ቃሪያና ሙዝ ግን ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ የሚሆን ባይገዛ ይሻላል፤ እነዚህን ከሰፈሩ ጉልት ጥቂት ጥቂቱን መግዛት ከሩቅ ገበያ በኩንታል ከማምጣት ያተርፋል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል መድኃኒት ናቸው ተብሎ ዋጋቸው ሲንር፣ ለወራት የሚበቃ የገዛው ሰው ሎሚው ሲደርቅበትና ነጭ ሽንኩርቱ ሲበቅልበት ያየው ትርፍ የለም፤ ያን ቀን ጥቂት እንኳን ያጣው ጎረቤቱ ግን ተጎድቷል።

የገዙትን ማቆየትም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሽንኩርት አየር በሚያገኝበት ደረቅ ቦታ፣ ድንች ደግሞ ብርሃን በማያገኘው ስፍራ ለየብቻ ይቀመጡ፤ ፀሐይ ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ እንዲህ የሆነው ክፍል ደግሞ አይበላም። መለስለስ የጀመረ ቲማቲም ካለ በዚያው ቀን ከሽንኩርት ጋር ቁሌት ሠርተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ለሚቀጥሉት ቀናት ወጥ መነሻ ይሆናል። ምስርና ሽንብራ በነቀዝ እንዳይበላ በፀሐይ በደንብ አድርቆ፣ ንጹሕ ጄሪካን ውስጥ እስከ አፉ ሞልቶ ክዳኑን አጥብቆ መዝጋት ነው፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ጋዝ፣ ነዳጅ ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ጄሪካን ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ለእህል አይሆንም።

እንጀራን ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም በብዙ ቤቶች ከሚጣለው ምግብ ሰፊውን ድርሻ የሚይዘው እርሱ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ቤት ሲውል ብዙ ይበላል ተብሎ አብዝቶ የመጋገር ልማድ ይመጣል፤ የጤፍ እንጀራ ግን ሦስትና አራት ቀን ሲሞላው መሻገት ይጀምራል፣ በተለይ ሳይቀዘቅዝ በፌስታል ከተጠቀለለ ላቡ አይወጣለትምና ከዚያም ቀድሞ ይበላሻል። አነስተኛ ሊጥ አቡክቶ በሳምንት ሁለት ጊዜ መጋገር፣ እንጀራውን በሰፌድ ላይ በደንብ ካበረዱ በኋላ ወደ መሶብ ማስገባት፣ የሚተርፍ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ገና በሁለተኛው ቀን ቆራርጦ ለድርቆሽ ማስጣት ይገባል። በበጋ ፀሐዩ ይበቃዋል፤ በክረምት ግን እንጀራ ጋግረው ሲጨርሱ ሙቀቱ ባልወጣለት ምጣድ ላይ ቢበትኑት ያደርቀዋል። በደንብ የደረቀ ድርቆሽ እርጥበት ካላገኘው ለወራት ይቆያል። የሻገተውን እንጀራ ግን ሻጋታውን ቆርጦ ቀሪውን ማድረቅም ሆነ ለዶሮ መስጠት ተገቢ አይደለም፤ ሻጋታው በዓይን ከሚታየው ቦታ አልፎ ይሰራጫል፣ መርዙም በማድረቅ አይጠፋም።

ወደ ጉልቱ ሲሄዱ ዘንቢል ይያዙ። በሽታውን በመፍራት ሁሉን በየፌስታሉ ማስቋጠር በዚያ ወቅት ተለምዶ ነበር፤ ዘንቢል ግን በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ከዚህ የተሻለ ንጽሕና የለም።

እርጥቡን ከደረቁ መለየት

በአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው። ይህ እርጥብ ቆሻሻ ከፌስታልና ከካርቶን ጋር በአንድ ማዳበሪያ ከታጨቀ ሁሉንም ያበላሻል፤ ይሸታል፣ ዝንብና አይጥ ይጠራል፣ ሊሸጥ ይችል የነበረውንም ደረቅ ነገር ያረክሳል። የመጨረሻ ማረፊያው ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል። አየር በማያገኝበት ተቀብሮ የሚበሰብስ ምግብ ሚቴን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ያመነጫል፤ በሬጲ አካባቢ ያለው ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎችን የገደለው ተራራ፣ ለአሥርተ ዓመታት ሳይለይ የተከመረ የቤታችን ቆሻሻ ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው የተመረቀው ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያም ቢሆን፣ እርጥብ ቆሻሻ ሲቃጠል ጉልበቱ ውኃውን ለማትነን ስለሚጠፋ፣ ቤት ውስጥ ካልለየንለት ሥራው ይከብደዋል።

ስለዚህ ክዳን ያለው አንድ ባልዲ ለልጣጭ፣ ለቡና አተላ፣ ለሻይ ቅጠል፣ ለጎመን ግንድና ለእንቁላል ቅርፊት ብቻ ይመደብ። በግና ላም የሚያረባ ጎረቤት ካለ፣ በዳርቻ ደግሞ ብዙ ጊዜ አለ፣ ንጹሑ ልጣጭ ገና ሳይሸት በየቀኑ ለእርሱ ቢሰጥ ከሁሉ ይቀላል። ጎረቤት ከሌለ ብስባሽ ማዘጋጀት ነው። ግቢ ያለው ሰው ውኃ በማይተኛበት ጥግ አንድ ሜትር ያህል ጉድጓድ ይቆፍር፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ደግሞ ጎኑ የተበሳሳ አሮጌ ባልዲ ወይም ማዳበሪያ በረንዳ ላይ ያኑር፣ የሚንጠባጠበውን የሚቀበል ሳሕንም ከሥሩ ያድርግ። አንድ እጅ እርጥብ በተጨመረ ቁጥር ሁለት እጅ ደረቅ ነገር፣ ማለትም ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ ሰጋቱራ ወይም የተቀደደ ካርቶን ከላይ ይበተን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ደረቁን ትቶ እርጥቡን ብቻ ሲከምር ይሸታል፣ ከዚያም ብስባሽ አይሆንም ብሎ ይተወዋል። እፍኝ ያህል አንሥተው ሲጨምቁት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልኩ ነው፤ ውኃ ከፈሰሰው ደረቅ ይጨመር፣ ከፈራረሰ ትንሽ ውኃ ይረጭ። በሳምንት አንድ ጊዜ ማገላበጥ አየር ይሰጠዋል። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት የበዛበት ወጥ አይግባበት፣ ውሻና አይጥ ይጎትታልና። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ በእኛ አካባቢ ከሦስት እስከ አምስት ወር ሊፈጅ ይችላል፤ በክረምት ዝናብ እንዳያጥበው መሸፈን ግዴታ ነው። ጠቁሮ አፈር አፈር ሲሸት ለጎመኑና ለጤና አዳሙ ይሆናል።

ደረቁ ቀላል ነው። ሃይላንዱን አለቅልቆ መጨፍለቅ፣ ካርቶኑን ማጠፍ፣ ጣሳና ጠርሙስን ለየብቻ ማድረግ፣ ከዚያም ቆራሌው እስኪመጣ ዝናብ በማይነካው ቦታ ማቆየት። እንቅስቃሴ ሲገደብ ቆራሌው ለሳምንታት ላይመጣ ይችላል፤ ታጥቦ የደረቀ ዕቃ ግን አይሸትምና ቢቆይ አይከብድም። የበረኪና ዕቃ ለመጠጥ ውኃም ሆነ ለዘይት እንዳይውል ተበስቶ ይሰጥ።

አመድ በደንብ ሳይበርድ ማዳበሪያ ውስጥም ሆነ ገንዳ ውስጥ አይደፋ፤ እሳት ያስነሣል። ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ቀሩ ብሎ ከቤት ጀርባ ፕላስቲክ ማቃጠልም ሰው በመተንፈሻ በሽታ በሚጨነቅበት ወቅት ለጎረቤት መርዝ ማጨስ ነው። ወደ ቦይ መጣሉም መፍትሔ አይሆንም፤ ክረምት ሲገባ ቦዩ ተዘግቶ ጎርፉ ቤት ይገባል፣ ቦዩ ውስጥ ያልቀረውም ወደ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል፣ በአቃቂ ውኃ የለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ ወደ ገበታችን ይመጣል።

በዓል ሲደርስ ሌላ ዝግጅት ያሻል። በ2012 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ሲውል የረመዳን ጾም ደግሞ በዚያው ወር 16 ቀን ተጀምሯል፤ አዋጁ በሁለቱም ላይ ጸንቶ ነበር። ግቢ ውስጥ የሚታረድ ከሆነ ፈርሱና ደሙ በዚያው ዕለት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በአፈር ይከደን፤ ቆዳው ገዢ ካለው በጨው በደንብ ታሽቶ ይቆይ፣ ከሌለውም ከፈርሱ ጋር ይቀበር እንጂ መንገድ ዳር አይጣል።

ሕመምተኛ ያለበት ቤት

የታመመ ሰው የተጠቀመበት የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ሶፍትና ጓንት ከሌላው ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል። ሕመምተኛው ባለበት ክፍል ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ፌስታል ይዘርጋ፤ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ሳይጨመቅ ይታሰር፣ ከዚያም በሁለተኛ ፌስታል ይደገም። ቫይረሱ በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ በፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት ሊገኝ እንደሚችል ስለታየ፣ የታሰረው ፌስታል ልጆችና እንስሳት በማይደርሱበት ቦታ ሦስት ቀን ሙሉ ቆይቶ ቢወጣ ለሰብሳቢዎቹ ይበጃል። መርፌና ስለታም ነገር ካለ ጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ይጥበቅ። የባልዲውን እጀታና የበሩን መያዣ ለመጥረግ፣ 5 በመቶ ክሎሪን ያለውን በረኪና አንድ እጁን በ49 እጅ ውኃ መበጥበጥ ይበቃል፤ በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በምንም ሁኔታ አይደባለቅ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ለዘወትር የሚጣለውን መሸፈኛ ከመግዛት ይልቅ በሳሙና የሚታጠብ የጨርቅ መሸፈኛ ለጤነኛው የቤተሰብ አባል ቢሆን የቆሻሻውን ክምር ይቀንሳል፤ የሚጣለው ከፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ አይበሰብስም።

ከሰብሳቢዎቹ ጋር መስማማት

ለዚህ አገልግሎት ክፍያው ከውኃ ሂሳብ ጋር ይከፈላል፣ ሥራውን ግን በጋሪ እየገፉ በየደጁ የሚሰበስቡት ማኅበራት ይሠሩታል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፣ ጓንት የሌላቸውም አሉ። በባዶ እጃቸው ማዳበሪያችንን ፈትተው ሃይላንድ የሚለቅሙ እናቶች መኖራቸውን አውቀን ማሰር ይገባናል። የሕንፃው ኮሚቴ ወይም የዕድሩ ተጠሪዎች ከማኅበሩ ኃላፊ ጋር ተነጋግረው የመሰብሰቢያውን ቀንና ሰዓት ይወስኑ፣ ደረቁ ለብቻው እንዲወሰድ ይስማሙ፣ ሕመምተኛ ካለበት ቤት የሚወጣው ፌስታልም በቀይ ክር እንዲታሰር ይወስኑ። ክሩ ምን ማለት እንደሆነ ለሰብሳቢዎቹ አስቀድሞ ይነገራቸው፤ ቤቱን ለሰፈሩ ሁሉ ማወጅ ግን አያስፈልግም። በመውጫው በር አጠገብም ቧንቧ ያለው አንድ ጄሪካን ውኃና ሳሙና ይቀመጥላቸው፤ ጄሪካኑን የሚሞላው ሰውም በየሳምንቱ ከነዋሪው በተራ ይመደብ።