ዶንግሉ ሞተ ከማለትህ በፊት አንቴናውን ንቀለው

ኤስዲአር (በኮምፒውተር ሶፍትዌር ሬዲዮ መቀበል) የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ዶንግሉ (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው ትንሽ መቀበያ) ሞተ መሰለኝ» ይላል፣ እኔም ብያለሁ፣ ብዬም ሁለተኛ ገዝቻለሁ፣ ይኸው ዛሬ ሁለቱም ይሰራሉ። የማወራው አርቲኤል 2832ዩ ቺፕና አር820ቲ2 ቱነር (ፍሪኩዌንሲ የሚመርጠው ክፍል) ስላላቸው ርካሽ ዶንግሎች ነው፣ ያው አብዛኞቻችን የጀመርነው በነሱ ስለሆነ።

ኮምፒውተሩ አያየውም

ብዙ ጊዜ የድራይቨር (ኮምፒውተሩን ከዕቃው ጋ የሚያግባባ ፕሮግራም) ጣጣ ነው። ዶንግሉ ሲጀመር የተሰራው ለዲጂታል ቲቪ ስለሆነ ዊንዶውስ የቲቪ ድራይቨር ይጭንበታል፣ የኤስዲአር ሶፍትዌር ደሞ በዛ አይሰራም። ዛዲግን (ድራይቨር የሚቀይር ፕሮግራም) ክፈት፣ ሁሉንም ዲቫይስ እንዲያሳይህ አድርግ፣ «በልክ-ኢን ኢንተርፌስ 0» የሚለው ላይ ዊንዩኤስቢ የሚባለውን ድራይቨር ጫን። እዚህ ጋ ግን ተረጋጋ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ማውስህም ኪቦርድህም አሉ፣ እኔ ቸኩዬ የኪቦርዴን ድራይቨር ቀይሬ ፓስወርድ የምጽፍበት አጥቼ ቁጭ ብያለሁ። ፖርት ስትቀይር እንደገና ከጠየቀህም አትደንግጥ፣ ያንኑ ድገም።

ሊኑክስ ላይ ኤረር -6 ካየህ ወይ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የቲቪ ካርድ ነው ብሎ ይዞብሃል ወይ ሌላ ፕሮግራም ከፍተህ ረስተሃል፣ የቲቪውን ሞጁል ብላክሊስት አድርገው (እንዳይጫን ከልክለው)። -3 ከሆነ የፐርሚሽን ጉዳይ ነው፣ የዩዴቭ ሩል (ዕቃውን ማን መክፈት እንደሚችል የሚወስን ደንብ) ጨምርለት።

ዋተርፎሉ ይወርዳል፣ ጣቢያ ግን የለም

ዋተርፎል ሲግናሉን በቀለም እያሳየ ስክሪኑ ላይ ወደታች የሚወርደው ምስል ነው። መጀመሪያ ጌይኑን (ሲግናሉን የማጉያ መጠኑን) እይ። አንዳንድ ሶፍትዌር ሲከፈት 0 ላይ ነው የሚሆነው፣ ሰው ይሄን ሳያይ ሁለት ቀን አንቴና ሲቀያይር ይከርማል። ወደ 30 ዲቢ አካባቢ አምጣውና አንቴናውን ንቀል፣ መልሰህ ሰካ። ዋተርፎሉ ላይ ምንም ለውጥ ከሌለ ከአንቴናው ምንም እየገባ አይደለም ማለት ነው።

እኔን የሸወደኝ ኮኔክተሩ ነበር። ከአሮጌ የዋይፋይ ራውተር የፈታሁትን አንቴና ስገጥመው ጥርሱ ቆንጆ አርጎ ገባ፣ ጠበቀ፣ በቃ ተገናኘ አልኩ። ፈትቼ በባትሪ ብርሃን ሳየው ለካ የዶንግሉ መሃል ቀዳዳ ነው፣ የአንቴናውም መሃል ቀዳዳ ነው፣ ፒን የሚባል ነገር በመሃላቸው የለም። የራውተሩ አርፒ-ኤስኤምኤ ነው፣ የዶንግሉ ተራ ኤስኤምኤ፣ ውጪያቸው አንድ አይነት ሆኖ ውስጣቸው አይነካካም። ስለዚ ከመግጠምህ በፊት ሁለቱንም አፋቸውን እይ፣ አንዱ ላይ ፒን ሌላው ላይ ቀዳዳ መኖር አለበት።

ሞዱንም እይ። የአውሮፕላን ንግግር ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ በኤኤም ነው፣ በኤፍኤም ብታዳምጠው የተጨማደደ ነገር ነው የምትሰማው። አማተሮቹ (የትርፍ ጊዜ ሬዲዮኞች) ሁለት ሜትር ባንድ (ከ144 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ያለው) ላይ ጠባብ ኤፍኤም ይጠቀማሉ፣ ስፋቱን 12.5 ኪሎኸርዝ አካባቢ አርገው፣ የሙዚቃ ጣቢያ ደሞ 200 ይፈልጋል።

የኤፍኤም ሙዚቃ ያለቦታው ይሰማል

145 ሜጋኸርዝ ላይ ሙዚቃ ከሰማህ እዛ የሚያሰራጭ ሰው የለም፣ ዶንግልህ ነው የተጥለቀለቀው። ሲግናሉን ወደ ቁጥር የሚቀይረው በ8 ቢት ብቻ ነው፣ ቅርብህ ያለ ጠንካራ ጣቢያ ሲገባበት ያጣምመዋል፣ ያልነበረ ሲግናልም ይፈለፍላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ጌይን ይጨምራል፣ ተቃራኒውን ነው ማድረግ ያለብህ። አንድ አንድ እርምጃ ቀንስና አስተውል፣ እውነተኛው ሲግናል እኩል እኩል ዝቅ ይላል፣ ውሸተኛው ግን ቶሎ ብን ይላል። ካልበቃ ከ88 እስከ 108 የሚቆርጥ የኤፍኤም ፊልተር አንቴናውና ዶንግሉ መሃል አስገባ። በኔ እምነት አምፕሊፋየር ከመግዛት ይሄ ይቀድማል።

ቀጥ ያለ መስመር ወይ የሚንሳፈፍ ጉም

አሁንም አንቴናውን ንቀል። መስመሩ እዛው ካለ ከውስጥ ነው። የዶንግሉ ክሪስታል (ፍሪኩዌንሲውን የሚለካበት ሰዓት) 28.8 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ብዜቶቹ ላይ መስመር ይጥላል፣ 57.6፣ 86.4፣ 115.2 እያለ አምስተኛው ልክ 144.0 ላይ ያርፋል፣ የሁለት ሜትር ባንድ መጀመሪያ ላይ ማለት ነው። ጥሪ መስሎኝ ስንት ማታ ጠብቄዋለሁ። እሱን ታውቀዋለህ፣ ታልፈዋለህ፣ ሌላ ምንም አታደርገውም።

ስትነቅለው ከጠፋ ግን ከቤትህ ነው የሚመጣው። ላፕቶፑን በባትሪ አድርገህ ቻርጀሩን ንቀል፣ ግማሹ ችግር እዚሁ ያልቃል። ካልሆነ ዋተርፎሉን እያየህ የቤቱን ብሬከር አንድ በአንድ አጥፋ (ቤተሰብ አስጠንቅቀህ!)፣ ጉሙ የጠፋበት መስመር ላይ ሌባው አለ፣ ኤልኢዲ አምፖል ይሁን የቲቪ አዳፕተር። ዶንግሉንም በዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ከላፕቶፑ አርቀው፣ ገመዱን ፌራይት (ጫጫታ የሚያፍን ማግኔታዊ ቀለበት) ላይ ጠምጥመው።

ጣቢያው ከቦታው ፈቀቅ ብሏል

ርካሽ ክሪስታል ስለሆነ ነው። 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 50) ስህተት 100 ሜጋኸርዝ ላይ 5 ኪሎኸርዝ ነው፣ 433 ላይ ከ21 ይበልጣል፣ ጠባብ ሲግናል ከሆነ ጭራሽ አታገኘውም። ሲሞቅም ስለሚንሸራተት 20 ደቂቃ ያህል አስነስተህ ተወው፣ ከዛ ፍሪኩዌንሲውን በደንብ የምታውቀው ጠባብ ሲግናል ላይ፣ ሪፒተር (የአማተሮችን ንግግር ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ ጣቢያ) ቢሆን ጥሩ ነው፣ ፒፒኤሙን አስተካክል። በሙዚቃ ጣቢያ አትሞክረው፣ ሰፊ ስለሆነ መሃሉ የት እንደሆነ አይታይም።

ድምፁ ይቆራረጣል

ሳምፕል ሬቱ (በሰከንድ የሚወስደው ናሙና) 3.2 ሚሊዮን ላይ ከሆነ ወደ 2.4 ሚሊዮን አውርደው፣ የዩኤስቢ ሃቡን ትተህ ላፕቶፑ ላይ ቀጥታ ሰካ። አለቀ።

አጭር ሞገድ ላይ ዝም

ቱነሩ ከ24 ሜጋኸርዝ በታች አይወርድም፣ ብልሽት አይደለም። ዳይሬክት ሳምፕሊንግ (ቱነሩን ዘሎ በቀጥታ መቀበል) ያለው ሞዴል ከሆነ «ኪው ብራንች» ላይ አድርገው፣ ግን 14.4 ላይ እንደ መስታወት ስለሚያጥፈው 21.6 ላይ ያለው ጣቢያ 7.2 ላይም ይታይሃል። ከ14.4 በታች ብቻ የሚያሳልፍ ፊልተር ያስፈልጋል፣ ወይም አፕኮንቨርተር (ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ቱነሩ ወደሚሰማው ከፍ የሚያደርግ)።

በውነት የሞተ ዶንግልስ? የ5 ዋት የእጅ ሬዲዮ የመናገሪያ ቁልፍ አጠገቡ ከተጫንክ፣ ወይ መብረቅ ባለበት ቀን ውጪ ያለውን አንቴና እንደተሰካ ከተውከው ሊደነቁር ይችላል። ኮምፒውተሩ ያየዋል፣ ዋተርፎሉም ይወርዳል፣ ጌይን ስትጨምር ጫጫታው ከፍ ይላል፣ ግን ፒኑ በደንብ የሚነካ አንቴና ስትሰካም ስትነቅልም ያው ነው። ሌላ ዶንግል እዛው አንቴና ላይ ሰክተህ ከሰማ፣ የመጀመሪያው ሞቷል።