ኦቨኑ ዳቦውን መሀሉ ላይ ጥሬ ካስቀረ፣ ሴንሰር ለመግዛት አትሩጡ

ድሬዳዋ ውስጥ «ሴንሰሩ ሞቷል» ተብሎ ከሚመጣልኝ ኦቨን አብዛኛው ሴንሰሩ፣ ማለትም ሙቀት የሚለካው ዘንግ፣ ጤነኛ ነው። የሞተችው ሴንሰሩን ከቦርዱ፣ ማለትም ኦቨኑን ከሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክስ፣ ጋር የምታገናኘው ማያያዣ ናት። ከኋላ፣ ከላሜራው ጀርባ፣ ማንም የማያያት ቦታ ተቀምጣ በሙቀት ትበስላለች።

ሶኬቱን፣ ብሬከሩን፣ የበሩን ጎማና ማሞቂያውን ኤለመንት አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

በመጀመሪያ የኦቨኑን ዓይነት እንለይ። በእጅ የሚዞር ቁልፍ ብቻ ካለው በአብዛኛው የኤሌክትሮኒክ ሴንሰር የለውም። ፈሳሽ የተሞላ ቀጭን የብረት ቱቦ ነው ያለው። ቱቦው ከታጠፈ ወይም ካፈሰሰ ቴርሞስታቱ ሙሉውን ይቀየራል፣ አለቀ። አንድ ልጅ ሽቦ መስሎት ቆርጦ በጥቁር ፕላስተር ሲያያይዘው አይቻለሁ። ፈሳሽ በፕላስተር አይያያዝም ወንድሜ።

ዲጂታል ሰሌዳ ካለውና ከውስጥ፣ በኋላው ግድግዳ በኩል፣ እርሳስ የምታህል የብረት ዘንግ ብቅ ካለች ግን ሴንሰር አለው። ብዙ ጊዜ ፒቲ 1000 የሚባለው የፕላቲነም ሴንሰር ነው። ፒቲ 500ም ያጋጥማል፤ እሱ ከሆነ ከዚህ በታች ያሉትን የኦም (በቴስተር የሚለካው የኤሌክትሪክ መቋቋም) ቁጥሮች ለሁለት አካፍሉ።

ልኬት

ኦቨኑን ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ንቀሉት። ሴንሰሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ስትፈቱ ሽቦውን በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ካመለጠና ወደ ውስጥ ከገባ ኦቨኑን ከግድግዳ አውጥታችሁ ጀርባውን ልትፈቱ ነው። እዚያ ያለው የመስታወት ሱፍ ቆዳ ይበላል፤ ጓንት አድርጉ።

ፒቲ 1000 በ0 ዲግሪ 1000 ኦም ነው። በየዲግሪው ወደ 3.9 ኦም ገደማ ይጨምራል። ኢንተርኔት ላይ «በክፍል ሙቀት 1080 ማሳየት አለበት» የሚል ታገኛላችሁ። የነሱ ክፍል 20 ዲግሪ ነዋ! ግንቦት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከዚራ ሰፈር ቤት ውስጥ 35 ዲግሪ ሆኖ ብትለኩት 1136 ገደማ ያሳያል። ይህን አይቶ ደህናውን ሴንሰር የጣለ ሰው አውቃለሁ። አቦ፣ ሴንሰሩ እኮ የድሬን ሙቀት ነው የነገረህ!

ካልተማመናችሁ ጫፉን ብቻ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሽቦው ውሃ እንዳይነካው። እዚህም 1385 አትጠብቁ፤ እሱ የ100 ዲግሪ ቁጥር ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ ወደ 96 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ስለዚህ 1370 አካባቢ ካያችሁ ሴንሰሩ ደህና ነው። ሐረር ላይ ደግሞ ወደ 94 ዲግሪ ስለሚፈላ 1362 አካባቢ ነው።

ሁሌ የማገኘው ብልሽት

የቁልቢ ገብርኤል ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 18፣ አንዲት እናት ደወሉልኝ። ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል፣ ድፎው ደግሞ ላዩ ወርቅ መስሎ መሀሉ ሊጥ ነው። ገና በሩ ላይ ቆሜ «አንተ ልጅ፣ ሦስተኛ ሴንሰሬ ነው እኮ! ይሄ ኦቨን ነው ገንዘብ መብያ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ የድሮዎቹ የት አሉ?» አልኳቸው።

ከመሳቢያ አወጧቸው። ሁለቱም ደህና ነበሩ። የተገጠመውን ቀጥታ ስለካው 1109፣ ማለትም 28 ዲግሪ። እሱም ደህና። ከዚያ የላይኛውን ክዳን ከፍቼ፣ የሴንሰሩን መሰኪያ ከቦርዱ ነቅዬ፣ በዚያ ጫፍ ለካሁ። 1290! ሽቦውን ነቅነቅ ሳደርገው ቁጥሩ ይዘላል።

የ180 ኦም ልዩነት ማለት ወደ 50 ዲግሪ የሚጠጋ ስህተት ነው። ኦቨኑን 180 ላይ ስታዙት ቦርዱ 180 የደረሰ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን 130 አካባቢ ነው። ቶሎ ያጠፋል። ዳቦው ጥሬ ይቀራል። ማያያዣው ከነጭራሹ ሲላቀቅ ደግሞ ሰሌዳው ላይ የስህተት ኮድ ይመጣና ኦቨኑ አልሞቅ ይላል።

ሦስቱንም ሴንሰር የገጠመው ባለሙያ ሽቦውን ጠምዝዞ ጥቁር ፕላስተር ጠቅልሎበታል። ፕላስተሩ ቀልጦ፣ መዳቡ ጠቁሮ፣ ከሰል መስሏል። በየሦስት ወሩ መጥቶ ያንኑ ይደግማል፣ ሂሳቡንም ይቀበላል።

መድኃኒቱ ይኸውላችሁ። የጠቆረውን ሽቦ ንጹሕና የሚያበራ ብረት እስክታገኙ ቁረጡ። በሸክላ ማያያዣ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ የፕላስቲኩን አትንኩ። በላዩ ሙቀት የሚችል የፋይበር ሽፋን አልብሱት። መጋጠሚያውን ከሱፉ ውጪ፣ አየር ወዳለበት ጀርባ አውጡት። በሊድ አትበይዱ፤ ተራ ሊድ 190 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ፕላስተር አትጠቅልሉ። ደግሜ ልበል፣ ፕላስተር አትጠቅልሉ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። የስህተት ኮዱን ለማጥፋት ብለው በሴንሰሩ ቦታ ኦሙ በሙቀት የማይለወጥ ቋሚ ሬዚስተር የሚገጥሙ አሉ። ኮዱ ይጠፋል። ቦርዱ ግን ኦቨኑ መቼም እንዳልሞቀ ስለሚያስብ ኤለመንቱን አያጠፋም። ይህ ጥገና ሳይሆን ቤት ማቃጠል ነው። እንዲህ የተሠራ ኦቨን ካላችሁ ዛሬውኑ ንቀሉት።

ሴንሰር የግድ መግዛት ካለባችሁ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ስትሄዱ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። መልኩ አንድ ሆኖ ውስጡ የሚለያይ ብዙ ነው። 100 ሺህ ኦም አካባቢ ካሳየ የሌላ ዕቃ ሴንሰር ነው። 110 አካባቢ ካሳየ ፒቲ 100 ነው፤ ለናንተ ቦርድ አይሆንም። «ይሠራል፣ ውሰደው» ቢላችሁም አትውሰዱ።

የቀሩት

ዳቦው ካረረ፦ ሴንሰሩ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ኦሙ ወርዶ ይሆናል። ይቀየር።

አይጥ ሽቦውን በልታው ከሆነ፦ ድመት ግዙ።

ፎይል ሴንሰሩ ላይ የለጠፋችሁ፦ አንሱት፣ በእናታችሁ።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ኦቨን «ደካማ ነው» ካላችሁ፦ ቁጥሩ ፋራናይት እንዳይሆን እዩ። 180 ፋራናይት 82 ሴልሺየስ ነው። ሳቢያን ሰፈር ያለ አንድ ቤት ለዚህ ብቻ ተጠርቼ ሻይ ጠጥቼ ተመልሻለሁ።

ስትጨርሱ ኦቨኑን 180 ላይ ግማሽ ሰዓት አንድዱት። ከሶኬት ንቀሉ፣ የሴንሰሩን መሰኪያ ከቦርዱ ነቅላችሁ ቶሎ ብላችሁ በዚያ ጫፍ ለኩ። ከ1685 ብዙ ካልራቀ ላሜራውን ግጠሙ። ብሎን ከተረፋችሁ ግን እንደገና ክፈቱት።