ኤክስአርኤፉ «ዋሸ» ከማለታችሁ በፊት

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ አንድ አንጥረኛ ዘንድ ቁጭ ብለን የድሮ አምባር ለካን። በእጅ የሚያዘው ኤክስአርኤፍ (ብረት ከምን ከምን እንደተቀላቀለ በኤክስሬይ የሚለካ መሣሪያ) ከሺህ 910 ብር ነው አለ። (ብር ስል ማዕድኑን እንጂ የኪሱን አይደለም።) አንጥረኛው የውስጥ ጎኑን በሞረድ ፋቅ አደረገና ደግመን ለካን፤ 790። «ይሄ ነገር ተበላሽቷል እንዴ?» አለኝ። ኧረ አልተበላሸም።

ላዩ ከፍ፣ ውስጡ ዝቅ ሲል፦ መሣሪያው ኤክስሬይ ይልካል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገርም የራሱን ጨረር ይመልሳል። ከብር ተመልሶ የሚደርሰን ግን ከላይኛው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ብዙ አይበልጥም። ጌጡ ተለብጦ ሊሆን ይችላል። ሁሌ ማጭበርበር ነው ማለት ግን አይደለም። ብርና መዳብ ተቀላቅሎ ሲግልና በአሲድ ሲታጠብ ከላዩ መዳቡ ይሄዳል፣ ብሩ ይቀራል። የእኛ አምባር እንዲህ ያለ ይመስለኛል፤ ሲፋቅ ቀይ አልታየበትም። መፍትሄው የማይታይ ቦታ ፍቆ መለካት ነው። ባለቤቱ እምቢ ካለ የብርን ሁለት መስመሮች፣ ማለትም ብር የሚመልሳቸውን ሁለት ጨረሮች፣ አወዳድሩ፤ 22 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ጉልበት መለኪያ) ላይ ያለው ከጥልቁ፣ 3 አካባቢ ያለው ከላዩ ይመጣል። አየር ውስጥ ያለው አርጎን የሚባል ጋዝም እዚያው 3 አጠገብ ስለሚታይ እንዳያሳስታችሁ።

ድንገት ዚንክ ከመጣ፦ ምናልባት ዚንክ ያለበት ብየዳ ላይ አነጣጥራችኋል። ፈቀቅ በሉ።

ቁጥሩ ከተዋዠቀ፦ ቀጭን የሽቦ ሥራ ጨረሩ የሚወጣበትን የመሣሪያውን መስኮት አይሞላም። ጠፍጣፋውን ጎን አዙሩ፣ የመለኪያውን ሰዓት አርዝሙ። በጣት ይዞ መለካት ግን የለም! ጨረር ነው፤ ማስቀመጫው ላይ ይሁን።

ድሬዳዋ ላይ ቀትር ሲሆን መሣሪያው ከተንገታገተ፦ ሙቀቱ ነው። የድሮዎቹ የጨረር መቀበያዎች ለማቀዝቀዣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ይፈልጉ ነበር፤ የአሁኑ የሲሊከን መቀበያ በኤሌክትሪክ ይቀዘቅዛል። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ከተተወ ግን እሱም አይችልም። ጥላ ውስጥ አሳርፉት።

አሁንም ከተጠራጠራችሁ ጠገራ ብር ፈልጉና ለኩት። እውነተኛው ማርያ ቴሬዛ፣ 1780 የተጻፈበት፣ ከሺህ 833 ብር ሲሆን 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። የመሣሪያው ቁጥር ከ833 በጣም ከራቀ የመስኮቱን ስስ ሽፋን እዩ። እኛ ዘንድ ያገኘነው የሞረዱን ብናኝ ነበር፤ ከአምባሩ ወርዶ ተለጥፏል።