ከጨረታ መክፈቻ ባዶ እጅ መመለስ፦ ችግሩና መፍትሔው

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ለአነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የጨረታ ሰነድ በማዘጋጀት የምተዳደር እንደመሆኔ፣ «ጨረታው አስቀድሞ የተበላ ነው» የሚል ስሞታ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ሰነዱን ገልጠን ስንመረምር ግን፣ የመውደቁ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ራሳችን ባስገባነው ወረቀት ላይ ይገኛል።

ሰነዱ በመክፈቻው ዕለት ውድቅ ከሆነ

በመጀመሪያ የጨረታ ማስከበሪያውን፣ ማለትም ከሰነዱ ጋር የሚያስይዙትን የመተማመኛ ገንዘብ ይመልከቱ። መሥሪያ ቤቶች በየጊዜው ስለሚዋሐዱና ስለሚከፋፈሉ፣ ሲፒኦው (ባንኩ የሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) በቀድሞው ስም ተሠርቶ የሚመጣበት ጊዜ አለ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ከማስታወቂያው ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጡ፤ ሲፒኦውንም ከባንኩ መስኮት ሳይለቁ ያንብቡት። የባንክ ዋስትና ከሆነ ደግሞ የሚጸናበት ጊዜ በሰነዱ ከተጠየቀው ማነስ የለበትም።

ዝቅተኛ ዋጋ አቅርበው ሌላ ተወዳዳሪ ካሸነፈ

ብዙ ቅሬታ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በመክፈቻው ላይ የሚነበበው ዋጋ ገና ያልተመረመረ ነው፤ ኮሚቴው ከዚያ በኋላ የሒሳብ ስሕተት ያርማል፣ ቫት የጨመረውንና ያልጨመረውንም በአንድ መሠረት ያስተያያል፣ ዝርዝር መግለጫውን ያላሟላውንም ያስወጣል። የሒሳብ እርማቱ ዋጋን ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት፦ ባለፈው ዓመት አንድ የሳቢያን ሰፈር የእንጨት ሥራ ማኅበር ለ240 ዴስክ የአንዱን ዋጋ 2,850 ብር አስልቶ ጠቅላላውን 684,000 ብር ብሎ በትክክል ቢጽፍም፣ በነጠላ ዋጋው ዓምድ ላይ ግን 2,580 አስፍሮ ነበር። የነጠላውና የጠቅላላው ዋጋ ሲለያዩ በመደበኛው የጨረታ ሰነድ መሠረት የሚጸናው ነጠላው ስለሆነ፣ ዋጋው ወደ 619,200 ብር ወረደ። ማኅበሩ አሸነፈ፤ ነገር ግን እንጨቱን ገዝቶ የሚተርፈው ስላልነበረ ያን ቀን በደስታ ፈንታ ድንጋጤ ነበር የያዛቸው። መፍትሔው ሠንጠረዡን ካዘጋጀው ሰው ሌላ፣ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ጀምሮ በካልኩሌተር የሚያባዛ ሁለተኛ ሰው መመደብ ነው። ስርዝ ድልዝ ካለም ፊርማ ይኑርበት።

አሸንፈው ውል ሳይፈርሙ ከቀሩ

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የውል ማስከበሪያ፣ ማለትም ውሉን ለመፈጸምዎ የሚያስይዙት ዋስትና አለመዘጋጀቱ ነው። በፌዴራሉ የመንግሥት ግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ያላነሰ ይጠየቅ ነበር፤ ሳያቀርቡ መቅረት የጨረታ ማስከበሪያውን ያስወርሳል። ስለዚህ ከባንኩ ጋር ከመጫረትዎ በፊት ይነጋገሩ።

በእርግጥ በደል ከተፈጸመብዎ

በስልክና በቃል መማረር ቅሬታ ሆኖ አይቆጠርም። የተጠቀሰው አዋጅ ለተጫራቹ ይሰጥ የነበረው 5 የሥራ ቀናትን ብቻ ነው፤ ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ስለተተካ፣ አሁን የሚሠራበትን ቀነ ገደብ ከያዙት የጨረታ ሰነድ ላይ አስቀድመው ያስምሩበት። ማመልከቻዎ የሚያከራክረውን የሰነዱን አንቀጽ ጠቅሶ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ይጻፍ፤ መዝገብ ቤት ሲያስገቡም በቅጂው ላይ ቀንና ማኅተም አስደርገው ይያዙ።