ቅባትና ልብ፦ በጎንደር ማድ ቤቶች የሚዘወተሩ ስህተቶች

“ኮሌስትሮል የለውም” የሚለውን አይቶ ዘይት መግዛት

ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያ የተደረደረው የአትክልት ዘይት ሁሉ ያንን ጽሑፍ ቢለጥፍ አልዋሸም፤ አንዱን ከሌላው ግን አይለይልዎትም። መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤልን፣ ደም ውስጥ ከፍ የሚያደርገው በዋናነት ሳቹሬትድ የሚባለው፣ እንደ ቅቤና ፓልም ባሉት ውስጥ የሚበዛው ቅባት ነው። ይህ ቅባት፣ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅምባቸውን ተቀባዮች ይቀንሳል፤ ሳይለቀም የቀረው የልብ ደም ሥር ግድግዳ ውስጥ እየገባ ይከማቻል።

የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። የኑግ፣ የሰሊጥና የሱፍ ዘይት ግን ሳቹሬትድ ቅባቱ ከአምስት አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። በጎንደር ብርድ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋ ወይም የሚደፈርስ ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ፓልም ነው። ከመተማ ቆላ የሚወጣው ሰሊጥ በብዛት ወደ ውጭ ሲጫን እኛ ከውጭ የመጣ ፓልም መግዛታችን ያስቆጫል።

ቅቤ ሲነጠር ቅባቱ ይቀንሳል ማለት

የሚወጣው ውሃውና የወተቱ ዝቃጭ ብቻ ነው። 100 ግራም ለጋ ቅቤ 80 ግራም ያህል ቅባት አለው፤ ንጥሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቅባት ነው፣ 60 ግራም ገደማውም ሳቹሬትድ። ኮረሪማውና ኮሰረቱ መዓዛ ይሰጣሉ እንጂ ይህን አይለውጡም።

ቅቤን በዓይን ገምቶ መጨመር

አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል። ሩብ ኪሎ ንጥር ቅቤ ከገባበት ለእያንዳንዱ ብልት 21 ግራም ያህል ቅቤ ይደርሰዋል፤ ከዚህ 12 ግራም ተኩሉ ሳቹሬትድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ቅባት ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ገደማ ማለት ነው። ሁለት ብልት ከነወጡ የበላ ሰው፣ ጮማውና ክትፎው ሳይቆጠር፣ ድርሻውን አልፏል።

ሽንኩርቱን ያለ ቅባት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ እስኪሟሽሽ ያብስሉት። በርበሬውን በጥቂት የኑግ ዘይት ያቁላሉ። ቅቤውን ወጡ ሊወጣ ሲል በሾርባ ማንኪያ ለክተው ይጨምሩ፤ መዓዛውም ያኔ ነው የሚጎላው። 4 ማንኪያ (56 ግራም ያህል) ቢገባ ለአንድ ብልት የሚደርሰው ሳቹሬትድ ቅባት 3 ግራም አይሞላም።

“ጾም ነው” ብሎ መዘናጋት

የጾም ምግብ ቅቤ የለውም እንጂ ቅባት አለው፤ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ዘይት ይጠጣሉ። ዘይቱ ተመላልሶ ሲሞቅ ይበላሻል፦ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ አረፋ ያበዛል፣ ከቀድሞው ባነሰ ሙቀት ይጨሳል። እንዲህ ከሆነ ይደፋ። በላዩ አዲስ ዘይት መጨመር አሮጌውን አያድነውም፤ አዲሱንም ቶሎ ያበላሸዋል።

ኑግ በተለይ ለተደጋጋሚ ጥብስ አይሆንም። ከዘይቱ ከግማሽ በላይ የሆነው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለ ቅባት፣ በቅቤ ወይም በፓልም ምትክ ሲበላ ኤልዲኤልን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሙቀትና ብርሃን ቶሎ ያበላሹታል። ለወጥና ለሰላጣ ያድርጉት፤ ጠርሙሱን ከድነው ጨለማ ቦታ ያስቀምጡ።

“የአትክልት ቅቤ” ሲገዙ ማሸጊያው ላይ በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት መሆኑ ከተጻፈ ይተዉት። ትራንስ ፋት አለበት፤ ኤልዲኤልን ከፍ አድርጎ ጥሩውን ኤችዲኤል ዝቅ ያደርጋል።

ተልባን ሳይፈጩ መዋጥ

ፍሬው እንደገባ ይወጣል፤ ኦሜጋ 3 የተባለው ቅባቱም አብሮት። ፈጭተው ይጠቀሙ፤ ሲፈጭ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ በትንሽ በትንሹ።

በሁዳዴ መጨረሻ ተመርምሮ መረጋጋት

ቀጭን መሆን ኤልዲኤልን አይናገርም፤ የሚናገረው የደም ምርመራ ነው። ኤልዲኤል ግን በአመጋገብ ምክንያት በሳምንታት ውስጥ ስለሚለዋወጥ፣ በ55 ቀን ጾም ማብቂያ የተለካው የጾሙን ገበታ ነው የሚያሳየው። በበዓለ ሃምሳ መገባደጃ፣ የሰኔ ጾም ሳይገባ፣ እንደገና ይለኩና ሁለቱን ውጤቶች ለሐኪምዎ ያሳዩ። የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ የሁዳዴው ውጤት ጥሩ ስለሆነ ብቻ አያቋርጡት።