ክንዳችሁ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ ግቢያችንን ለማጠር ገመድ ዘርግተን በክንድ ለካን። እኔ 30 ክንድ አልኩ። ጎረቤታችን ጋሼ ረጅም ሰው ናቸው፤ 27 ተኩል አሉ። ትንሽ ተከራከርን። ለካ ሁለታችንም ልክ ነን! የኔ ክንድ 46 ሳንቲ ሜትር፣ የሳቸው 50 ነው።

ስለዚህ ክንዳችሁን አንዴ በሜትር ለኩት፤ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። ስንዝራችሁንም ጨምሩና ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ወደ ሌላ መለኪያ ስትቀይሩ ሁሌ መጀመሪያ ወደ ሜትር አምጡት። በቀጥታ መዝለል ነው የሚያሳስተው።

የእህቴ ልጅ ቅየሳ ይማራል። ‹ቼይን› የሚል የድሮ የእንግሊዞች መለኪያ ገጥሞት፣ «አጎቴ፣ ይሄ በክንድ ስንት ነው?» ብሎ መጣ። ቼይን የምር የብረት ሰንሰለት ነበር። ኤድመንድ ጉንተር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1620 ያወጣው ነው። 100 ቀለበት አለው። ርዝመቱ 66 ጫማ፣ ማለትም 20.12 ሜትር ገደማ ነው። 80 ቼይን አንድ ማይል ይሞላል።

በጋሼ ክንድ አንድ ቼይን 40 ክንድ ነው ማለት ይቻላል። በኔ ወደ 44 ይጠጋል። አንዱ ቀለበት 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከስንዝር ብዙም አይርቅም።

ሽቦ ለመግዛት ይሄ ግምት ይበቃል። ለወሰን ግን በክንድ እንዳትሞክሩት። የ4 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በ30 ክንድ 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። እኛም ጋሼ ቤት ቡና ጠጥተን በሜትር ደግመን ለካነው።