ሟቿን ከነሕይወቷ ጻፏት፦ ድሬዳዋ ላይ የግድያ ምርመራ ልብወለድ እንዴት ይጻፋል

የመርማሪ ፖሊስ ታሪክ የሚሞክሩ ወጣቶች ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ይሰጡኛል። ደስ ብሎኝ ነው የማነበው። ግን አንድ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። መጀመሪያው ገጽ ላይ ቆንጆ ሴት ሞታ ትገኛለች። ቀጥሎ ሌላ ቆንጆ መጥታ መርማሪውን ታማልላለች። የሟች እናት ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች፣ በቃ፣ ሴቶቹ አለቁ። ከዚያ በኋላ ወንዶች እስከ መጨረሻው እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ይሄ ሴቶችን መበደል ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ያደርቀዋል። ድሬ ላይ ማን የማን ዱቤ እንዳለበት፣ ማን ማንን እንደተኳረፈ፣ ማታ የማን በር እንደተንኳኳ ቡና ላይ ተነጋግረው የሚያውቁት ሴቶች ናቸው። እነሱ ካልተጠየቁ ፍንጭ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ከሟቿ ጀምሩ፣ ከሬሳዋ ግን አይደለም። የመጨረሻ ቀኗን ከጠዋት እስከ ማታ ጻፉ። ታሪኩ ውስጥ ባይገባም ጻፉት። ዘይነባ እንበላት፤ ቀፊራ ገበያ ጫት ትሸጣለች። ጫቱ ከአወዳይ እስኪደርስ ጆንያዋን ውሃ ነክራ ትጠብቃለች። ዱቤ የምትይዝበት ደብተር አላት፣ ስሞቹን እሷ ብቻ በምታውቀው ምልክት ነው የምትጽፈው። ዕቁቡ በዚህ ሳምንት ይደርሳታል። አያችሁ? ገና ሳትሞት ሁለት የግድያ ምክንያትና አንድ ኤግዚቢት (የማስረጃ ዕቃ) አገኛችሁ። «ውብ ነበረች» ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ ምንም አታገኙም ነበር።

ገዳዩን ሩቅ አትፈልጉ። በጨለማ የሚያደፍጥ የማይታወቅ ሰው ለፊልም ይመቻል፣ እውነታው ግን ቤት ውስጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ባወጣው ግምት በ2023 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዓለም ላይ ሆን ተብሎ ከተገደሉት 85,000 ገደማ ሴቶችና ልጃገረዶች 51,100 ያህሉን የገደላቸው የትዳር ወይም የፍቅር አጋራቸው አለያም ቤተሰባቸው ነው። ይሄ እንቆቅልሹን አያቀለውም፣ እንዲያውም ያከብደዋል። ገዳዩ ለቅሶ ላይ ድንኳን የተከለው ሰው ሊሆን ይችላላ።

ቦታና ሰዓት ላይ ብዙ አልቆይም፣ ድሬ ራሷ ታግዛችኋለች። ቀትር ላይ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል ወይ በርጫ (ጫት ቅሚያ) ላይ ነው፣ መንገዱ ጭር ይላል። ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር ስትሻገሩ የደቻቱ ወንዝ አለ፣ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው። ዝናቡ ከላይ ደጋው ላይ ከጣለ ግን ድሬ ሳይዘንብ ጎርፍ ይመጣል። የ1998 ክረምቱ ጎርፍ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል፣ ስለዚህ ደቻቱን ለማስጌጫ አትጠቀሙበት፤ ከጻፋችሁት ማስረጃ ይውሰድ ወይ ምስክር ያስቀር። ሙቀቱንም አትርሱ። ሬሳ መድረቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሞት በኋላ ከ2 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በ12 ሰዓት ገደማ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል፣ ሙቀት ደግሞ ይሄን ሁሉ ያፋጥነዋል። የአዲስ አበባን ብርድ አስቦ የጻፈ ሰው የሞቷን ሰዓት ይስታል።

የፖሊሱን ወግ በትክክል ያዙት። ረዳት ኢንስፔክተርና ዋና ኢንስፔክተር አንድ አይደሉም። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ መርማሪ ጊዜ ቀጠሮ (ተጠርጣሪውን ይዞ የሚመረምርበት ተጨማሪ ጊዜ) ሲጠይቅ በሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንዴ ከ14 ቀን በላይ አይሰጠውም። ይሄ ለደራሲ ወርቅ ነው። ሰዓት የሚቆጥርላችሁ ሕጉ ነው፣ ቦምብ አያስፈልጋችሁም።

መርማሪዋ ሴት ከሆነች «ከወንድ አታንስም» ለማለት ስትሉ በሩን በእርግጫ አታስከፍቷት። ሥራዋን አሳዩ። ኢንስፔክተሯ ትጠይቃለች፣ ተጠርጣሪው ግን መልሱን የሚሰጠው አጠገቧ ለቆመው ኮንስታብል ነው። ልጁ ገና ከማሠልጠኛ መውጣቱ ነው፣ ሰውየው ግን ዓይኑን ከእሱ አያነሳም። አትቆጣም። ኮንስታብሉን «እስኪ ውሃ አምጣልን» ብላ ታስወጣዋለች። አሁን ክፍሉ ውስጥ የሚያየው ፊት የሷ ብቻ ነው። ስለ እኩልነት ከሚሰበክ አንድ ገጽ ይሄ ይበልጣል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ ሴት ምስክርን ማናገር። ብዙ ረቂቅ ላይ መርማሪው ጠረጴዛ ይመታል፣ ሴትየዋ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ሁሉንም ትዘረግፈዋለች። እውነተኛ ሰው እንዲህ አይናገርም። ዝም ያለችበትን ምክንያት መጀመሪያ እናንተ እወቁላት፣ ምክንያቱም የሚከበር ይሁን። ፍርሃት ወይም ጉቦ ቀላሉ መንገድ ነው፣ እኔ አልወደውም።

የዘይነባን ነገር እንቀጥል። ጠዋት አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች፣ ልቧ ነው ተባለ። ሙስሊም ናትና ሳይመሽ ተቀበረች። በነጋታው ወንድሟ ጣቢያ ሄዶ አመለከተ። ሬሳውን ሐኪም አላየውም። ያዩት ያጠቧት ሴቶች ናቸው፣ ሴትን የሚያጥቧት ሴቶች ስለሆኑ። አንገቷ ላይ የጣት ምልክት ካለ ከነሱ በቀር ማንም አያውቅም። ታዲያ ለምን አይናገሩም? አጣቢ በሟች ገላ ላይ ያየችውን ገመና መሸፈን አለባት። እምነቷ ነው፣ የሙያዋም ክብር ነው። ዝምታዋ ጥፋት አይደለም፣ ደግነት ነው፤ ገዳዩን የሸሸገው ግን ይሄው ደግነት ነው። እንዲህ ያለ ቋጠሮ ስታገኙ አትልቀቁት።

ታዲያ እንዴት ትጠየቅ? «አንገቷ ላይ ምን አየሽ?» ከተባለች በሩ ተዘጋ። መርማሪዋ ስለ ሬሳው ትታ ስለ ሥራው ትጠይቅ። ግቢው ውስጥ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፍ ላይ ትቀመጥ፣ ደብተሯን ከቦርሳ አታውጣ፣ የመጀመሪያውን ቡና ዝም ብላ ትጠጣ።

«እማማ፣ ብቻዎን ነው ያጠቧት?»

«ብቻ አይሆንም። ሦስት ነበርን። ውሃ የምታፈስ፣ የምትይዝ አለች።»

«ካፉሩ መጨረሻ ላይ ነው አይደል የሚገባው?» (ካፉር ሬሳ ሲታጠብ ውሃው ውስጥ የሚገባ ሽታ ያለው ነገር ነው።)

«መጨረሻ ላይ ነው።»

«ሦስታችሁም እስከ መጨረሻው ነበራችሁ?»

አሮጊቷ ሲኒውን ታስቀምጣለች። «ትንሿ ወጥታለች። ልጅ ናት፣ አልለመደችም። ጭንቅላቷን አጥበን አንገቷ ጋ ስንደርስ ጣሳውን ጥላ ወጣች።»

አለቀ። አሮጊቷ ገመና አላወጣችም፣ መርማሪዋ ግን የምትፈልገውን አገኘች። አንባቢም ከሷ እኩል ሰማ። የሚቀጥለው ምዕራፍ ትንሿን ልጅ ፍለጋ ነው። ልብ በሉ፣ ይሄን ጥያቄ ወንድ መርማሪ ሊጠይቀው ይከብደዋል፣ ምንጣፉ ላይ ማን ያስቀምጠዋል? የመርማሪዋ ሴትነት እዚህ ጋ ታሪኩን ወደፊት ገፋው። ቀሚሷንና ፀጉሯን መግለጽ ቀርቶልናል።

ስለ ገላ መግለጽ ካነሳን፣ ሬሳ ላይ ምኞት አትጻፉ። ደጋግሜ የምሰርዘው ዓረፍተ ነገር የሟችን ጭንና ከንፈር የሚያወድሰው ነው። ሐኪም መዝገብ ላይ የሚያሰፍረውን ብቻ ጻፉ። ታንቃ ለሞተች ሴት ለምሳሌ ዓይን ሽፋኗ ውስጥ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ የደም ነጠብጣቦች ሊታዩ ይችላሉ። ይሄ ያስደነግጣል፣ ደግሞም ማስረጃ ነው።

ባሏን ወይም ወንድሟን አስቀድማችሁ ሰይጣን አታድርጉት፣ አንባቢ ወዲያው ያውቅባችኋል። ቅናተኛ ጎረቤትና ምቀኛ የእንጀራ እናት የሚባሉትንም ተዉአቸው፣ በተረት ጠግበናቸዋል። ሴት ገዳይ ልትሆን ትችላለች፣ ለምን አትችልም? ግን ምክንያቷ ከወንድ ፍቅር ውጭ ይሁን። ገንዘብ፣ መሬት፣ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ውስጥ ያለ ሱቅ፣ የተበላ ዕቁብ።

ረቂቁ ሲያልቅ ቀይ እስክሪብቶ ያዙና ሴት ገጸ ባሕርያቱ ያደረጉትን ሁሉ ሰርዙ። ምርመራው ያለነሱም ወደ ገዳዩ የሚደርስ ከሆነ ገና አልጻፋችኋቸውም ማለት ነው፣ ተመለሱ። ከዚያ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ጫት ለምትሸጥ ሴት አንብቡላት፣ ማንበብ ብትችል እንኳ እናንተ ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። «በዚህ ሰዓት ጫት አይመጣም» ትላችኋለች፣ ወይ «ለዚህ ሰው ዱቤ አልሰጥም» ትላለች። አትከራከሩ፣ አስተካክሉ። የሰዓቱ ነገር ከተቀየረ ገዳዩ የነበረበት ቦታም ይቀየራልና የምስክሮቹን ቃል ከመጀመሪያው አንድ በአንድ እንደገና አስተያዩ።